የአራዳ ቤተ መጻሕፍት በማን ገንዘብ ቆሙ?

የዛሬው ዲስኩር ስለ ገንዘብ ነው፤ ስለ መጽሐፍ ገንዘብ። አንድ ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። በዚያ ቀን ቤቱ በማን ገንዘብ እንደተሠራ የማያውቅ የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ መጽሐፍ በማን ገንዘብ እንደሚገዛ፣ የተቃጠለውን አምፖል ማን እንደሚቀይር፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህን ለመጠየቅ ከአራዳ የተሻለ ሰፈር አይኖርም። ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ የቤተ ክርስቲያን፣ የባዕድ መንግሥት፣ የቤተ መንግሥት፣ የቀበሌ፣ የከተማ አስተዳደርና የተራ ሰው ገንዘብ ሁሉም በየተራው መጽሐፍ ቤት አቁሟል። አንዳንዱ ዛሬም አለ፤ አንዳንዱ ስሙን የሚያስታውስ እንኳ ጠፍቷል። ልዩነቱ የመጣው ከምን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

አራዳ ገበያ ሳይሆን ገና ሜዳ በነበረበት ዘመን፣ በዚህ አገር መጽሐፍ የሚኖረው በገዳምና በደብር ዕቃ ቤት ነበር። ንጉሥ ወይም መኳንንት ለአንድ ደብር መጽሐፍ ሲሰጥ በብራናው ላይ ስሙን ያጽፋል፤ ከስሙ ቀጥሎ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ ውጉዝ እንዲሆን ይጻፋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የማይነሣው ነገር ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይሰጥ የነበረው መሬት ነው። ደብሩ ጉልት አለው፤ ከጉልቱ በየዓመቱ እህልና ግብር ይገባል፤ በዚያ ደብተራው ይጽፋል፣ ዕቃ ቤት ጠባቂው ይጠብቃል፣ የተበላሸው ድጉስ ይታደሳል። መጽሐፉና የመጽሐፉ ቀለብ አንድ ላይ ተሰጡ ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ አምስትና ስድስት መቶ ዓመት ኖሮ ለእኛ የደረሰው በውግዘቱ ብቻ አይመስልም፤ በየዓመቱ በሚገባው እህልም ጭምር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰበው ያ ክምችት አንድ ሰው ብቻ ያቆመው ቤት ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሰውየው ሲሞት ክምችቱም ተበተነ፤ 350 ያህሉ የብራና መጽሐፍ ለብሪቲሽ ሙዚየም ተላለፈ፣ ዛሬም ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በአንድ ኃያል ሰው ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ክምችት ከሰውየው በላይ ዕድሜ እንደማይኖረው ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ በታሪካችን የለም።

ወደ ፒያሳ እንውረድ። አዲስ አበባ ገና ትንሽ ከተማ ሳለች፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ፈረንሳዮች አልያንስን አቋቋሙ። በኋላ አልያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የተባለው ይህ ተቋም ዛሬም ፒያሳ ውስጥ ቋንቋ ያስተምራል፣ ቤተ መጻሕፍትም አለው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንግሊዞችም መጡ። በዐድዋ ጎዳና፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ በሚገኘው አርቲስቲክ ሕንፃ ውስጥ የነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ለብዙ የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ለብዙ መምህርና ጋዜጠኛ ሁለተኛ ቤቱ ነበር። መጽሐፉ አዲስ ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ መጽሔቱ የወሩ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ በጀት ግን የሚወሰነው ለንደን ነው። ለንደን ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ማዞር ስትመርጥ አንባቢው ድምፅ አልነበረውም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። እንግሊዞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የራሳቸው ገንዘብ ነው። በሌላ አገር በጀት የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት ለሰፈሩ ልጅ መልካም እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ የሰፈሩ ንብረት ግን አይሆንም።

መንግሥት ራሱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያቆመው በ1936 ዓ.ም. ነው፤ ወመዘክር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት ይህ ቤት በአመሠራረቱ ከሌሎቹ ብዙም አይለይም፤ የንጉሠ ነገሥቱ በጎ ፈቃድና የመንግሥት ግምጃ ቤት ናቸው ያቆሙት። ዕድሜውን ያራዘመው ሌላ ነገር ነው። በአገሪቱ የሚታተም መጽሐፍ ሁሉ ሦስት ቅጂ ለወመዘክር እንዲገባ ሕግ አስገደደ፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ተቋሙ ሲጠናከርም ይህ ግዴታ ቀጠለ። አሳታሚው ብርሃንና ሰላም ላይ አሳተመም በግል ማተሚያ ቤት፣ ከሥራው ጥቂት ቅጂ ለአገር ይተዋል። ለዚህ ማንም ሪባን አይቆርጥም፣ ማንም አይመሰገንም። ግን መንግሥት ቢለወጥ፣ ሚኒስቴሩ ቢፈርስና ቢዋቀር፣ መጽሐፉ መግባቱን አያቆምም። የድሮው ጉልት በዘመናዊ መልክ ተመልሶ መጣ ለማለት ይቻላል፤ ቋሚ ገቢ፣ በሕግ የታሰረ።

የወመዘክር ሥራ ግን መጽሐፍን ለአገር ማስቀመጥ ነው እንጂ ለዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ የቤት ሥራ መሥሪያ ወንበር መስጠት አይደለም። ያን ወንበር የሰጠው ቀበሌ ነው፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአራዳ ሰዎች ራሳቸው በራሳቸው ገንዘብ ያቆሙት ብቸኛው ዓይነት ቤተ መጻሕፍት ይኸው ነውና።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ እንዲያስተዳድሩ ተደረገ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ኪራይ ቤቶች በምንለው መሥሪያ ቤት ሥር ሆኑ። ፒያሳና አካባቢው፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ በአነስተኛ ኪራይ ቤቶች የተሞሉ ሰፈሮች ናቸውና አንድ ቀበሌ በመቶ የሚቆጠሩ ተከራዮች ኖሩት። ተከራዩ ወር በወር ጥቂት ብር ለቀበሌው ገንዘብ ያዥ ይከፍላል፤ ቀበሌው ከዚያ ቤት ያድሳል፣ መጸዳጃ ቤት ይሠራል፣ መዋዕለ ሕፃናት ይከፍታል፣ ከተረፈውም አንዲት ክፍል አጽድቶ መደርደሪያ ያቆማል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደል የቆጠረው ሰው የሚያነበው እንዳያጣ በገጠርም በከተማም የንባብ ክፍል እንዲከፈት ገፋፋ። በገጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ የንባብ ክፍሎች የተከፈቱት በዚያው ዘመን ነው።

የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት ምን ይመስል ነበር? ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ ግድግዳዋ ጭቃ በኖራ የተለቀለቀ ክፍል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ የተሰመረበት ትልቅ መዝገብ። አንባቢው መታወቂያውን ያስይዛል፣ ስሙንና የመጽሐፉን ርእስ ይጽፋል፣ ይፈርማል። መጽሐፉ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሐምራዊ የቀበሌው ክብ ማኅተም አለ፤ ሌባ የመጀመሪያውን ገጽ ቢገነጥል እንዲታወቅ መሐል ላይም ይደገማል። መደርደሪያው ላይ ሞስኮ የታተሙ ቀያይ መጻሕፍት፣ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሥራዎች፣ ጥቂት ልብ ወለድ፣ ጥግ ላይ በገመድ የተጠረዘ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ።

መጽሐፉ ጥቂት ነበር፤ አገልግሎቱ ግን ትልቅ። በአንድ ክፍል ቤት ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ያለ የማትሪክ ተማሪ ዋናው ችግሩ የመጽሐፍ እጦት ብቻ አይደለም። ማታ ታናናሾቹ ሲተኙ መብራት ይጠፋል፣ ቀን ደግሞ እንግዳ፣ ጎረቤት፣ ሬዲዮ አለ። ጸጥ ያለች ክፍል፣ መብራትና ወንበር ለዚህ ልጅ መጽሐፉን ያህል ናቸው። ተማሪዎች ቸከላ የሚሉት ጥናት የራሳቸውን ደብተር ይዘው መጥተው የሚያደርጉት ስለሆነ፣ «እነዚህ ልጆች መጽሐፉን አይነኩም» ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋው ትክክል አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ለድሃ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ቦታ ነው፤ ቦታውን ያገኘ ልጅ አንድ ቀን መደርደሪያውን ቀና ብሎ ያያል።

ታዲያ ምን ሆነ? የገንዘቡ ምንጭ ደረቀ። የቀበሌ ቤት ኪራይ በ1967ቱ ተመን ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ቀረ። ተከራዩን ከጎዳና ያዳነ ተመን ነው፤ ሊነቀፍ አይገባም። ነገር ግን የመጽሐፍ ዋጋ ከብር ወደ አሥር ብር፣ ከአሥር ወደ መቶ ሲሄድ ኪራዩ አብሮ አልሄደም። ዛሬ አንድ አዲስ ልብ ወለድ በመቶዎች ብር ይሸጣል፤ የብዙ ቀበሌ ቤት የወር ኪራይ አንዱን መጽሐፍ ቀርቶ ጥራዙን አያስገዛም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቀያዮቹ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ወረዱ፤ የሚተካቸው አልመጣም። ቀበሌዎች ተዋሐዱ፣ ወረዳ ሆኑ፤ ክፍሏ ለጽሕፈት ቤት፣ ለስብሰባ፣ ለሱቅ ኪራይ ተፈለገች። ብዙዎቹ በጩኸትና በአዋጅ አልተዘጉም፤ አንድ ቀን በሩ አልተከፈተም፣ ያ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌዎቹ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ፣ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ስለ ፈረሱት ቤቶች ብዙ ተጽፏል። ከቤቶቹ ጋር የሄደው ግን ወር በወር ጥቂት ብር አዋጥቶ የሰፈሩን ነገር በጋራ የማቆም ልማድም ነው፤ ለእርሱ ማንም ካሳ አልተመነለትም።

ቀበሌው ሲዳከም አንባቢው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በፒያሳ፣ በለገሃር፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች መጽሐፍ ያከራዩ ነበር። አንባቢው ቀብድ ያስይዛል፤ መጽሐፉን አንብቦ ሲመልስ ነጋዴው የኪራዩን ሳንቲም ቀንሶ ቀሪውን ይሰጠዋል፣ ወይም በዚያው ሌላ መጽሐፍ ያስይዘዋል። ሽፋኑ በካርቶን የተጠገነ፣ ጠርዙ በመርፌና ክር የተሰፋ መጽሐፍ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር። አንድ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ ስንት ሰው ዘንድ እንደሚደርስ ለመገመት ሽፋኑን ማየት ይበቃል። ሳንቲም የሌለው ልጅ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው።

ቤተ መጻሕፍት በማን ገንዘብ ይቁም የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1833 ነዋሪዎቿን ሰበሰበች። የግዛቱ መንግሥት በባንኮች ላይ ከጣለው ግብር ለትምህርት ብሎ ለከተሞች ያከፋፈለው ገንዘብ ነበር። አቢኤል አቦት የተባሉ የከተማዋ ቄስ ሐሳብ አቀረቡ፤ ነዋሪዎቹ ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ መጽሐፍ መግዣ እንዲሆን ወሰኑ። በግብር ገንዘብ የሚተዳደር የመጀመሪያው ነፃ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው፤ ዛሬም ክፍት ነው። የፒተርቦሮ ሰዎች ያኔ ቤት አልሠሩም፤ መጽሐፉ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። ያደረጉት ነገር የዓመት ገንዘብ መመደብ ብቻ ነው፤ ያ በቃ።

እንግሊዝ በተቃራኒው ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ከተሞች ከንብረት ግብር በየፓውንዱ ግማሽ ፔኒ ለቤተ መጻሕፍት እንዲሰበስቡ ፈቀደ፤ ገንዘቡ ግን ለቤትና ለሠራተኛ እንጂ ለመጽሐፍ እንዲውል አልፈቀደም። መጽሐፉን በጎ አድራጊ ይስጥ ተባለ። የማያስኬድ መሆኑ በአምስት ዓመት ውስጥ ታየ፤ በ1855 ሕጉ ተሻሽሎ ግብሩ አንድ ፔኒ ሆነ፣ መጽሐፍ መግዛትም ተፈቀደ።

ከዚያ አንድሩ ካርኔጊ መጣ። በብረት ንግድ የበለጸገው ይህ ስኮትላንዳዊ በዓለም ዙሪያ 2,509 ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል። የልግስናው ብዛት ዝነኛ ነው፤ ብልሃቱ ግን በውሉ ላይ ነበር። ከተማው መሬቱን ያቅርብ፤ ካርኔጊ ለሕንፃው የሰጠውን ገንዘብ አንድ አሥረኛም ከተማው በየዓመቱ ከራሱ ግብር ለመጽሐፍ፣ ለደመወዝና ለእድሳት እንደሚመድብ በምክር ቤት ውሳኔ ያረጋግጥ። ይህን የማይፈርም ከተማ ገንዘቡን አያገኝም። አንዳንድ ከተሞች ውሉን አንፈርምም ብለው ቀርተዋል። የፈረሙት ግን ካርኔጊ ከሞተ በኋላም ቤታቸውን ማስተዳደር ቀጠሉ።

አሁን ወደ አራት ኪሎ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፓርላማው አቅራቢያ አብርኆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ከ1.1 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። መጽሐፉ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከሕዝብ ነው፤ ግለሰቦች፣ ድርጅቶች፣ ኤምባሲዎች፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰጡ። ቤቱ ሲከፈት ወጣቶች ከጠዋት ጀምሮ ሞሉት። ይህች ከተማ አታነብም ለሚሉት ይህ በቂ መልስ ነው፤ ወንበር ሲገኝ አንባቢ ይመጣል።

አብርኆት ትልቅ ሥራ ነው፤ በሙሉ ልብ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን የ1850ውን የእንግሊዝ ሕግ ያስታውሳል፤ ቤቱን መንግሥት፣ መጽሐፉን ለጋሹ። ልገሳ መልካም ጅማሬ ቢሆንም ለጋሽ የሚሰጠው ያለውን ነው፤ አንባቢው የሚፈልገውን አይደለም። አንድ የሕክምና ተማሪ የዘንድሮውን እትም ይፈልጋል፤ በልገሳ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበረው ነው። በካርኔጊ ስሌት ቢሄድ፣ 1.1 ቢሊዮን ብር የወጣበት ቤት በየዓመቱ 110 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ቢሆንም የአንድ ቤተ መጻሕፍት ዋጋ ሲነገር አብሮ መነገር ያለበት ቁጥር ነው።

በትንሹ መጀመርም ይቻላል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አጣ። የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሞ ሸጠ፣ ወዳጆቹን አስተባበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ተመልሶ ሾላ አካባቢ በሚኖርበት ቤት ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት ከዚህ አድጎ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት አቋቁሟል፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ በሚስበው ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆቹ ሄዷል። ስድስት ኪሎ ላይ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። መሥራች ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ መጽሐፍ ያሰባሰቡበት ቤት ነው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር በአባልነት መዋጮና በሥዕል ጨረታ ገንዘብ እያሰባሰበ የብራና መጻሕፍትና ቅርሶች ከአገር እንዳይወጡ ሲገዛ ኖሯል። መንግሥት በማይደርስበት በኩል የተደራጀ ወዳጅ ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ አብነት አይገኝም።

እንግዲህ ለአራዳ ወረዳዎች የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድ ወረዳ ባለው ሕንፃ ውስጥ አንድ አዳራሽ በ2 ሚሊዮን ብር አድሶ ወንበርና መደርደሪያ ቢያስገባ፣ አንድ አሥረኛው 200,000 ብር ነው። ግማሹ ለመጽሐፍ ቢውል፣ መጽሐፉ በአማካይ 500 ብር ቢሆን፣ በዓመት 200 አዲስ መጽሐፍ ይገባል፤ በአምስት ዓመት 1,000። ቀሪው ለመብራት፣ ለጥገናና ለደመወዝ ድጎማ ይሆናል። አንድ ወረዳ በዓመት ለስብሰባ መስተንግዶና ለባነር ከሚያወጣው ጋር ይህን ማወዳደር ለምክር ቤት አባላት ይተዋል።

የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የወረዳ ምክር ቤቶች ረቂቁን የሚመለከቱት ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የአራዳ ነዋሪዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ጸሐፍትና መጽሐፍ ሻጮች፣ ከሐምሌ በፊት የወረዳችሁን የምክር ቤት አባል ፈልጉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በረቂቅ በጀቱ ውስጥ «የመጽሐፍ ግዢ» የሚል መደብ አለ? ከሌለ እንዲገባ አስመዝግቡ፤ ካለም ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ በዓመቱ መጨረሻ የተገዛውን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ሄዳችሁ ቁጠሩ።